የታናካ ጥላ ከየት መጣ?

ስለ ጃፓናዊው የህትመት ሠዓሊ ርዮሄይ ታናካ የጻፋችሁትን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ስለ መስመሮቹ ብቻ አውርታችሁ አኳቲንቱን፣ ማለትም የመዳብ ሰሌዳን በአሲድ እያስበሉ ድፍን ጥላ የሚያትሙበትን ዘዴ፣ ዘለላችሁት። የገጠሩን የሣር ክዳን ቤቶች ሰበዝ በሰበዝ ሰሌዳው ላይ በመርፌ እየጫረ ሠርቷቸዋል፤ እውነት ነው። ከጣሪያው ሥር ያለው ድፍን ጥላ ግን በመስመር ብቻ አይመጣም። በአኳቲንት መዳቡ ላይ የደቀቀ የዛፍ ሙጫ ይነሰነሳል። ከሥር ሲሞቅ ሙጫው ይጣበቃል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ መዳቡን በሙጫው ቅንጣቶች መካከል ብቻ ይበላል፤ የተበላው ቦታም የህትመቱን ቀለም ይይዛል። ነጭ የሚቀረው ቦታ አስቀድሞ በቫርኒሽ ይሸፈናል፤ አሲድ ውስጥ ብዙ የቆየው ደግሞ ይጠቁራል። ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያ እ.ኤ.አ. በ1799 ባወጣቸው ህትመቶች በዚሁ ዘዴ ጨለማን ሠርቶበታል። ታናካ ግን በረዶውን እዩለት! ጣሪያው ላይ የተኛው ንጣት ቀለም ያልነካው ወረቀት ነው። እባካችሁ ምስሎቹን በትልቁ አውጧቸው፤ ሲያንሱ ግራጫው ሁሉ አንድ ይሆናል።