በገዛ ሣራቸው ፈቃድ ጠያቂ

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ የተናገሩት ነገር አሁንም አልወጣልኝም። ውይይቱ ስለ አርብቶ አደር አካባቢዎች የግጦሽ አስተዳደር ነበር። ሰውየው በሙሉ ልብ እንዲህ አሉ፦ የእኛ ችግር ቅኝ አለመገዛታችን ነው፤ እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ለግጦሹ ፈቃድ፣ ለፖስታው ደንብ፣ መጽሐፍ ባሕር ማዶ ለመላክና ለማስመጣት እንኳ ሕግ አውጥታ ሰውን ሥርዓት አስተምራለች፤ ኬንያን ተመልከቱ። እኛም ለእያንዳንዱ አርብቶ አደር የግጦሽ ፈቃድ ወረቀት መስጠት አለብን። አወያዩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከተጋባዦቹ አንድም ሰው «ቆይ እስቲ» አላለም።

እኔ ልበል። ቆይ እስቲ!

ከፖስታው ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። የምኒልክ ምስል ያለበት ቴምብር ፓሪስ የታተመው በ1894 ነው፤ ከዓድዋ ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ማን ገዝቶን ነው? ማንም። ፖስታ የፈለገ ንጉሥ ባለሙያ ቀጥሮ ፖስታ ቤት ከፈተ፣ አለቀ። ይህንን የማያውቅ ሰው ስለ ቅኝ ግዛት ትሩፋት በአደባባይ ባይናገር ይሻለው ነበር።

ወደ ሣሩ እንምጣ። እውነተኛው ጉድ ያለው እዚያ ነው።

በ1904 የኬንያ አርብቶ አደሮች የሆኑት ማሳዮች ከእንግሊዝ ጋር ስምምነት ፈረሙ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ምርጥ ግጦሻቸውን ለነጭ ሰፋሪዎች ለቀው በሁለት ቦታ እንዲቀመጡ ነው፣ አንዱ ሰሜን ላይኪፒያ፣ ሌላው ደቡብ። ሁለቱን የሚያገናኝ ግማሽ ማይል ስፋት ያለው የከብት መንገድም ይሰጣችኋል ተባሉ። ስምምነቱ የማሳይ ዘር በምድር ላይ እስካለ ድረስ ይጸናል ተብሎ ተጻፈ። ስንት ዓመት ጸና? ሰባት። በ1911 ሌላ ወረቀት መጣና ላይኪፒያን ልቀቁ አላቸው። እስከ 1913 ድረስ ሽማግሌና ሕፃን ይዘው፣ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ ተገፉ፣ ብዙ ከብትም መንገድ ላይ አለቀ። ጠበቃ አቁመው ከሰሱ። እንግዳው የሚያወድሱት ሥርዓት በ1913 ምን ብሎ መለሰላቸው? ስምምነቱ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ውል ስለሆነ ይህ ፍርድ ቤት አያየውም አላቸው። ልብ በሉ። መሬታቸው ሲወሰድ ተገዥ ናቸው፣ አቤት ሲሉ ደግሞ የባዕድ አገር ሰዎች ሆኑ። እኔ ከዚህ የባሰ የሕግ ሸፍጥ አላውቅም።

በዚህ አላበቃም። በ1915 የወጣው የመሬት ሕግ አፍሪካውያን የሚኖሩበትን መሬት ሳይቀር የእንግሊዝ ዘውድ ንብረት አደረገው። ሰፋሪው በዚሁ ሕግ የ999 ዓመት ሊዝ ተፈቀደለት። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ! የአገሩ ሰውስ? ፍየሎቹንና ላሞቹን ይዞ ሣር ወዳለበት ሲሄድ ሣሩ የሰፋሪ እርሻ ሆኖ ይጠብቀዋል። እዚያ ማሰማራት ከፈለገ ጭሰኛ ይሆናል። በ1918 ሕግ መሠረት ጭሰኛ የሚባለው ቢያንስ በዓመት 180 ቀን ለሰፋሪው መሥራት አለበት። የዓመቱን እኩሌታ ማለት ነው። ትናንት አባቱ በነፃ ያሰማራበትን ሣር ዛሬ በጉልበቱ ይገዛል። በ1937 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣና ጭሰኛው ስንት ከብት ሊኖረው እንደሚችል የሰፋሪዎቹ የወረዳ ምክር ቤት እንዲወስን ሥልጣን ተሰጠው። ለጉልበቱ ይፈልጉታል፣ ከብቱ ሲረባለት ግን ዓይናቸው ይቀላል፤ ምክንያቱም ከብት ያለው ሰው ደመወዝ አይለምንም። እንግዳው በቴሌቪዥን ያደነቁት ፈቃድ ይኼ ነው።

ሰውየው አንድ መከራከሪያ ነበራቸው፣ እሱም ቁጥጥር ባይኖር ኖሮ መሬቱ ተራቁቶ ያልቅ ነበር የሚል ነው። ኬንያ ውስጥ ካምባ የሚባለው ሕዝብ በሚኖርበት በማቻኮስ አካባቢ አፈሩ መሸርሸሩን አልክድም፣ ተሸርሽሯል። ግን ለምን? ካምባዎች በአንድ በኩል በሰፋሪ እርሻ፣ በሌላ በኩል የዘውድ መሬት በተባለ ግጦሽ ታጥረው ባለችው መሬት ላይ ተጨናነቁ። ሰውን ጠባብ ቦታ ላይ አጭቀህ ሣሩ ለምን አለቀ ብሎ መቅጣት ምን ዓይነት አስተዳደር ነው? መንግሥት ግን መሬቱን ከመመለስ ይልቅ ከብቱን በግድ መቀነስ ጀመረ። የሚነዳው ከብት አቲ ሪቨር በተባለ ቦታ ወደተከፈተው የሥጋ ፋብሪካ ነበር የሚሄደው፣ በርካሽ። በ1938 በሺህ የሚቆጠሩ ካምባዎች፣ ሴት ወንድ ሳይሉ፣ ናይሮቢ ገቡ። አገረ ገዥውን ካላነጋገርን ንቅንቅ አንልም ብለው ለሳምንታት እዚያው ሰፈሩ። መሪያቸው ሙኢንዲ ምቢንጉ ተይዞ ወደ ላሙ ደሴት ተጋዘ። ግን የግዳጁ ቅነሳ ቀረ። ያስቀረው የፈቃድ ሥርዓቱ ቸርነት ሳይሆን ሜዳ ላይ ያደረው ሕዝብ ነው።

የመጽሐፉ ነገር ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፣ ለዚህም ነው ሰውየው እንደ ቀላል ነገር ሲያነሱት የበገንኩት። የዛሬዋ ጋና ያኔ ጎልድ ኮስት ትባል ነበር። እንግሊዝ እዚያ በ1934 ባወጣችው ሕግ አገረ ገዥው አመፅ ያነሳሳል ያለው መጽሐፍና ጋዜጣ ከውጭ እንዳይገባ ማገድ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ይዞ መገኘትም ያስከስሳል። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሕጉ ምን ላይ እንደዋለ ተመልከቱ። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በፈረንጆች ሜይ 5 ቀን 1936፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ነው። በአሥረኛው ቀን አክራ የሚታተም አንድ ጋዜጣ የዋላስ ጆንሰንን ጽሑፍ አወጣ። ሰውየው የሴራሊዮን ተወላጅ ነው፣ ጽሑፉም በኢትዮጵያ ላይ በተፈጸመው ነገር ተቆጥቶ የአውሮፓን ሥልጣኔና ሃይማኖት የሚወቅስ ነው። ጸሐፊውም የጋዜጣው አዘጋጅም ተከሰሱ። አዘጋጁ በኋላ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ናምዲ አዚኪዌ ነበሩ፣ እሳቸው በይግባኝ ነፃ ወጡ። ዋላስ ጆንሰን ግን ተቀጣ፣ ለንደን ድረስ ይግባኝ ብሎ ተረታ። ዳኞቹ፣ ጽሑፉ ሰውን ወደ ኃይል እርምጃ ባይጠራም ያስቀጣል አሉ። ለእኛ ተቆርቁሮ በጻፈ ሰው ላይ የዋለን ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ ምሁር በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያመለጠን ዕድል ነው ሲል መስማት ያማል።

እሺ፣ እኛ ጋ ሥርዓት የለም? ቦረና ይውረዱ። ጥልቁ የቱላ ጉድጓድ ውስጥ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፉ ያያሉ። የማን ከብት ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ አባ ሄሬጋ የሚባለው ሰው ተራውን ያውቀዋል። ወረፋ የሚጥስ ይቀጣል። ሣሩም እንዲሁ ነው፣ የሚታለቡት ላሞች መንደር አጠገብ ይቀራሉ፣ የቀሩት ራቅ ብለው ይሰማራሉ። ይህንን ሁሉ ያጸናው ገዳ እንጂ የመንግሥት ማኅተም አይደለም። ቆላ መውረድ ከከበዳቸው ደግሞ መንዝ ቅርብ ነው። ጓሳ የተባለውን የመንዝ ሣራማ ደጋ ሕዝቡ ለዘመናት ጠብቆታል። ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ ነበር፣ የተመረጡ ጠባቂዎች ይቆሙለት ነበር፣ የሚከፈትበት ቀን ሲነገር ሰው ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። ይህ ሥርዓት የፈረሰው በ1975 ነው፣ የመሬት አዋጁ ጓሳን የመንግሥት ካደረገው በኋላ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሲሆን ሣሩን ሁሉም ተሻማው።

ስለዚህ ወረቀቱን የሚጽፈው እንግሊዝም ይሁን የእኛው ቢሮ፣ ለእረኛው ልዩነቱ ጥቂት ነው። ወረዳ ተቀምጦ ፈቃድ የሚፈርመው ሠራተኛ ትናንት ማታ ዝናብ የት እንደጣለ ያውቃል? ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ቀበሌ ዝናቡ ካለፈ እረኛው ምን ያድርግ፣ ከብቱ እያየ ይሙትበት? ወይስ ማዶ የተሻገረበትን ዕለት እንደ ወንጀለኛ ይቀጣ? የግድ ሕግ ይጻፍ ከተባለ አንድ አንቀጽ ይበቃል፦ የአባ ሄሬጋ ውሳኔና የጓሳ ጠባቂዎች የሚወስኑት የመክፈቻ ቀን በማንኛውም ፍርድ ቤት ይጽና፣ የሚጥሰውም ባለሥልጣን ቢሆን ይጠየቅ።