ይድረስ ለክቡር የዋይፋይ ካርዴ

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። እኔና እርስዎን የሚለየን አንድ ኪቦርድ ነው፤ ከተነጋገርን ግን ይኸው ሦስት ቀን ሆነን።

ቅሬታዬን ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪኑ በራ፣ ድምፁ ሠራ፣ በማንም የማይታዘዘው ፕሪንተር እንኳን ያለ ክርክር ታዘዘ። ከላይ ጥግ ላይ የዋይፋይ ምልክት ፈለግኩ። የለም። ሴቲንግ ከፈትኩ። «የዋይፋይ አዳፕተር አልተገኘም» አለኝ።

አልተገኘም? ታዲያ እስከ ትናንት ማታ ቪዲዮ ሲያሳየኝ ያመሸው ማን ነው?

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍቼ ኤልኤስፒሲአይ ብዬ የላፕቶፑን ዕቃዎች ዝርዝር ብጠይቅ እርስዎ እዚያው ነዎት። ከነሞዴል ቁጥርዎ ተዘርዝረዋል። አበዳሪ በር ሲያንኳኳ አልጋ ላይ ተጋድሞ «የለም በሉት» የሚያስብል ሰው አውቃለሁ። ከእሱ ተምረው ከሆነ ጎበዝ ተማሪ ነዎት።

ከዚያ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክሱ ልብ፣ ሲነሣ የሚጽፈውን ማስታወሻ ዲሜሴጅ በሚባል ትእዛዝ አወጣሁ። ከዚያ ሁሉ መስመር መካከል አንዷ ቀልታ ቆማለች። ፈርምዌሩን መጫን አልተቻለም፣ ስሕተት -2። በከርነሉ ቋንቋ -2 ማለት «የተባለው ፋይል የለም» ማለት ነው። ያኔ ጠባይዎ ገባኝ። ለካ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባዎት ፕሮግራም፣ ድራይቨር፣ ብቻውን አይበቃዎትም። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ፈርምዌር የምትባል አንዲት ትንሽ ፋይል ካልጎረሱ አንቴናዎን ቀና አያደርጉም። ፋይሏን የሚያዘጋጀው የወለደዎት ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጠራም። ውስጧን ግን ለማንም አያሳይም። ክፍት ሶፍትዌር ብቻ የሚሉ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) ደግሞ ውስጡን ያላየነውን ቤታችን አናስገባም ይላሉ። ሁለቱም አቋም አላቸው። ኢንተርኔት የሌለኝ እኔ ነኝ።

ፋይሏስ የት ትገኛለች? ኢንተርኔት ላይ! ቁልፉን ሳሎን ረስቶ በሩን የዘጋ ሰው እንኳን ቢያንስ በመስኮት ይገባል።

ለክብርዎ ያህል ይህንንም ልጥቀስ። ዴቢያን የሚባለው ዲስትሮ አባላት በእርስዎና በመሰሎችዎ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተዋል። አዎ፣ በፈርምዌር ጉዳይ ምርጫ ተካሂዷል። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 እነዚያን ፋይሎች ከነመጫኛው ይዞ መጣ። እኔ የጫንኩት ግን መሳቢያ ውስጥ ከከረመ ፍላሽ ነው፣ ከዚያ በፊት ከተዘጋጀ። ይህቺ ጥፋት የኔ ናት። ሌላው ሁሉ የእርስዎ ነው።

ደግሞ ዘመድ አለዎት። እሑድ ዕለት አንድ ሰው «ይሄ በእርግጠኝነት ይሠራል» ብሎ ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ አዋሰኝ። ሰካሁት። ኮምፒውተሩ አየውና «ሲዲ ገብቷል» አለ። እኔም አየሁት። አውራ ጣቴን የሚያህል ፕላስቲክ ነው። ለካ ሲሰካ ሲዲ ነኝ ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ ዘር አለ። ሲዲ በሚለው ሆዱ ውስጥ የዊንዶውስ ድራይቨር ይዞ ይዞራል፣ እዚያ ቤት ጠቃሚ ለመሆን። ሊኑክስ ላይ «ዘመዴ፣ አንተ እኮ ዋይፋይ ነህ» ብሎ የሚያሳምን ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም ያስፈልገዋል። አሳመንኩት። ካመነ በኋላ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ የለም፤ ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል ይደረግ፣ ማለትም ከጽሑፉ ወደ ፕሮግራም ይቀየር ተባለ። ኮምፓይለሩ? እሱም ይወርዳል። ከየት? ተዉት። ዕቃውን ለባለቤቱ መለስኩለት።

ሰኞ በመጨረሻ ስልኬን በኬብል ሰክቼ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አበራሁ። ወዲያው ኢንተርኔት ገባ። ምንም ጥያቄ የለም፣ ምንም ጉርሻ የለም። ስልኬ አንድሮይድ ነው። የአንድሮይድ ልቡ ደግሞ የሊኑክስ ከርነል ነው። ጥግ ላይ መብራቱን የሚያርገበግበው ራውተሬም ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች እንደዚያው ናቸው። ሊኑክስ በግራ፣ ሊኑክስ በቀኝ፣ መሀል ላይ እኔ ያለ ኔትወርክ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ፋይልዎን አውርጄ ሪስታርት አደረግኩ። ነቁ! የጎረቤቶቼ ዋይፋይ ስም ሳይቀር ተደረደረ። ስምዎን ሳይ ደብልዩኤልኤን ዜሮ መባልዎ ቀርቶ ደብልዩኤልፒ3ኤስ0 ሆነዋል፤ ላፕቶፑ ውስጥ የተቀመጡበት ባስና ስሎት (መስመርና መሰኪያ) ቁጥር ነው አሉ። ይሁን። በሰፈር አድራሻ መጠራት የፈለገ ይጠራ።

ደስታዬ ግን ሩብ ሰዓት አልሞላም። «አሉ ወይ?» ብዬ ፒንግ ሳደርግ ይመልሳሉ፣ ይዘገያሉ፣ ዝም ይላሉ። ለካ ቢሮ እንደገባ ሠራተኛ ሸለብ ያደርግዎታል። ኃይል ቆጣቢ ነዎት። ባትሪዬ እንዳያልቅ አስበው ነው፣ ስብሰባዬ ቢያልቅም። ግንኙነቱን በሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ይህን የሚያዝ ቁጥር አለ። 3 ሲሆን ይቆጥቡ፣ 2 ሲሆን አይቆጥቡ፣ 1 ሲሆን እንዳለ ይተውት ማለት ነው። እኔ ብቻዬን ብገምት ኖሮ እስካሁን 1 እና 0 ላይ ነበርኩ። 2 አደረግኩት። ሁለት ሳምንት እንደ ሰው ኖርን።

ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ ያለ ምክንያት ዘጉኝ። ፈርምዌሩ አለ። ድራይቨሩ አለ። ቁጥሩ 2 ነው። ከርነሉን ወደ ድሮው መለስኩት። አደስኩት። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ጫንኩ። አንተ የማትረባ… ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ።

ይህን ደብዳቤ እዚህ ካደረስኩ በኋላ አንድ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ዋይፋይ ታግዶ እንደሆነ የሚናገረው አርኤፍኪል። እሱን ጠየቅኩ። በሶፍትዌር ታግደዋል? አይደለም። በሃርድዌር ታግደዋል? አዎ። የሃርድዌር እገዳ ደግሞ በትእዛዝ አይነሣም፤ እጅ ይፈልጋል። ላፕቶፑን አንሥቼ ጎኑን አየሁ። ከስልክ ኬብሉ ቀዳዳ አጠገብ ስንዴ የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ኬብሉን ስነቅል በጥፍሬ ገፍቻት ይሆናል። ገዝቼው አራት ዓመት ሲሆነኝ አይቻት አላውቅም።

መለስኳት። ዋይፋዩ ገባ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ግን አልቀደውም። እንዳለ ይድረስዎ።

አክባሪዎ፣
ባለ ላፕቶፑ