የቁራ መልክተኛ ያለው ማነው?

ተልኮ የሚቀርን ሰው «የቁራ መልክተኛ» ያለው ማን እንደሆነ ባገኘው! ግቢው ውስጥ ቁራ ኖሮት አያውቅም ማለት ነው። የኖኅ ቁራ ወጥቶ ቀረ፣ እሺ። የኔው ግን አይቀርም። ወገኖቼ፣ ይመለሳል!

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ሲል ቆርቆሮዬ ላይ ዱብ። ከኪሎ በላይ የሚመዝን ወፍ ነው፣ ድንጋይ የተወረወረብኝ ነው የሚመስለኝ። ከዚያ ጥፍሩ ቆርቆሮውን እየፋቀ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። እንደ ወፍ ቢጮህ እንኳ ምን ነበረበት? ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሽማግሌ ይከረክራል። «ትፋውና ይውጣልህ!» እላለሁ ከብርድ ልብሴ ውስጥ። ጎረቤቴ እማማ ደግሞ መርዶ ሊያመጣ ነው ይሉኛል። በየቀኑ ነው እንዴ እማማ?

እንቅልፉስ ይቅር። ለጎመኔ ብዬ ጥግ ላይ ፍግ ከምሬ ነበር። መጣና መንቁሩን አጋድሞ እንደ ማጭድ ግራ ቀኝ አጨደው። ትል ፍለጋ ነው። እሱ ትሉን ለቅሞ ይበራል፣ እኔ ፍጉን ከልብስ ማስጫው ስር እጠርጋለሁ። መንቁር ስላችሁ ደግሞ የድንቢጥ እንዳይመስላችሁ። ወፍራም፣ ጎባጣ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ጉድ ነው። እንግዲህ ከማጅራቱ ነጭ ጋር ሲታይ፣ ከኋላ ቆብ ያጠለቀ መነኩሴ ይመስላል። ምግባሩ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ቋንጣዬን በረንዳ ላይ ሰቅዬ ውሃ ልቀዳ ገባሁ፤ ስወጣ ሁለት ሆነው ገመዱ ስር ቆመዋል። ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ አልኩ። አንዱ አጥሩ ላይ ወጥቶ ባንድ ዓይኑ አየኝ። ሌላው ከነቋንጣው ሄደ።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ አንዲት ፈረንጅ ከአስጎብኚዋ ጋር መጥታ አጥሬ ላይ ባይናኩላር ደቀነች። የመጣችው ለሱ ነው! ለካ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ካልሆነ ሌላ አገር እምብዛም አይገኝም። ከመንቁሩ እስከ ጭራው 60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ከዓለም ትልልቅ ቁራዎች መሀል ነው። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1836 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያወጣለት ራሱ «ወፍራም መንቁር» ብሎታል። ልጁ ይሄን ሁሉ ሲነግረኝ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ።

«እንዴት ታድለዋል! ትልዎታለች» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ይመጣል? ትላለች።»

«11 ተኩል። እሷ እኔ አልጋ ላይ ተኝታ ትስማው፣ እኔ እሷ ሆቴል ልደር በላት።»

ልጁ ሳቀ። ወደሷ ዞር አለና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። መልክተኛ ማለት እንዲህ ነው።