ለየደንበኛው አንድ ብራንች? ይቅርባችሁ

የደመወዝ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት የኮድ አያያዙ የሚፈተነው የግብር ሕግ ሲቀየር ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ 35 በመቶ የሚከፈልበት መነሻም ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ሄዷል። ሥራው አንድ ሰንጠረዥ መቀየር ነው። በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው መሣሪያ) ላይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ብራንች፣ ማለትም ለብቻው የሚለወጥ የኮድ ቅርንጫፍ፣ የከፈተ ድርጅት ግን 12 ደንበኛ ካለው 12 ጊዜ ይሠራዋል።

ኮዱ በ12ቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ቢሆን ባልከፋ። አንዱ ጋ ሰንጠረዡ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ሌላው ጋ በጥድፊያ የሠራ ሰው ቁጥሩን እዚያው ስሌቱ ውስጥ ጽፎታል። ምጣኔውን አስተካክሎ ተቀናሹን (ደመወዙ በምጣኔው ከተባዛ በኋላ የሚነሳውን ቋሚ መጠን) የረሳ ፕሮግራመር የሚያደርሰውን እንይ። በአዲሱ ሕግ የ20,000 ብር ደመወዝ ግብር 35 በመቶው፣ 7,000 ብር፣ ተቀናሹ 2,050 ሲወጣለት 4,950 ነው። የድሮው ተቀናሽ 1,500 እዚያው ከቀረ 5,500 ይሆናል። ሠራተኛው በየወሩ 550 ብር ያለአግባብ ይቆረጥበታል፤ ፕሮግራሙ ግን አንዳች የስህተት መልእክት አያወጣም።

«ቼሪ-ፒክ እናደርገዋለን» የሚሉ አሉ፤ አንዱ ብራንች ላይ የተመዘገበን ለውጥ (ኮሚት) ለይቶ ወደ ሌላው መቅዳት ማለት ነው። ቼሪ-ፒክ የተደረገ ኮሚት በየብራንቹ አዲስ መለያ ያገኛል፤ ስለዚህ ማስተካከያው ማን ጋ ደረሰ፣ ማን ጋ ቀረ ብሎ በመለያው መፈለግ አይቻልም። የግድ ከሆነ ትእዛዙ ላይ «ሰረዝ ኤክስ» (-x) ጨምሩበት፤ የመነሻውን ኮሚት መለያ መልእክቱ ውስጥ ይጽፍላችኋል።

ብራንች ሥራው አልቆ ከዋናው ኮድ ጋር እስኪዋሃድ (መርጅ እስኪደረግ) ድረስ የሚቆይ ነገር ነው። የደንበኞች ልዩነት ግን አያልቅም፤ ቦታውም ሌላ ነው። የግብር ሰንጠረዡ ዋናው ኮድ ውስጥ አንድ ብቻ ይሁን፤ እያንዳንዱ ረድፍ የሚጸናበት ቀን ይኑረው። ያለዚያ የሰኔን ደመወዝ ዳግም ያሰላ ሰው በሐምሌው ሕግ ያሰላዋል። በኢትዮጵያ ወር ወይስ በፈረንጅ ወር ይከፈላል፣ ጡረታ ነው ወይስ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቀናሽ አለ ወይ የሚሉት በደንበኛው ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ይቀመጡ። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ግን እዚያ አይግባ፤ በኋላ ቢሰረዝም የጊት ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። አሠራሩ ራሱ የተለየ ከሆነ ለብቻው ሞጁል (ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል) ይጻፍለት። «ደንበኛው እገሌ ከሆነ» የሚል ሁኔታ በየፋይሉ መበተን፣ እንደኔ፣ ከብራንቹም ይብሳል።

ቀድሞ የተበታተነውን ለመሰብሰብ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነው ደንበኛ ጀምሩ። ብራንቹን ከዋናው ጋር አነጻጽሩና እያንዳንዱን ለውጥ ለዩት፦ ዋጋ ብቻ የሆነው ወደ ኮንፊግ፣ አሠራር የሆነው ወደ ሞጁል፣ እዚያ ብቻ የታረመ ስህተት የሆነው ወደ ዋናው። አዲስ ስሪት አልቀበልም ለሚል ደንበኛ ከታግ (የአንድ ስሪት ምልክት) ላይ ብራንች መክፈት ይቻላል፤ የሚዘጋበት ቀን ግን ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ የ3 ወር ደመወዝ በአሮጌውም በአዲሱም አስልታችሁ በየሠራተኛው እስከ ሳንቲም አነጻጽሩ። ልዩነት ሲገኝ አዲሱ ተሳስቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። አንዳንዴ ሲሳሳት የኖረው አሮጌው ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ኮዱን ከመንካት በፊት ለደንበኛው ፋይናንስ ክፍል በደብዳቤ ማሳወቅ ያስፈልጋል።