ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ፣ ተማሪው ደጅ

ሐዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ በፈለጋችሁት ማክሰኞ ጎራ ብትሉ ባነር፣ በአንገት የሚንጠለጠል ባጅ፣ የታሸገ ውኃና ፍሊፕ ቻርት አታጡም። "የአቅም ግንባታ ሥልጠና" ይላል ባነሩ። ከዚያ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ርቆ ደግሞ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሥልጠናው ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት የማስተርስ ተማሪ አድቫይዘሯ ድራፍቷን እስኪያነቡላት ትጠብቃለች። ሦስት ወር ሆኗታል።

ባለፈው ዓመት ከነዚህ ሥልጠናዎች በአንዱ ላይ ተጋብዤ ነበር። አዘጋጁን ስሙን አልጠራውም። ርዕሱ የምርምር ገንዘብ ለማግኘት ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል የሚል ነበር፤ አሠልጣኙም ዕውቀታቸውን የማይሰስቱ ሰው ነበሩ። አርባ ወንበር ተደርድሯል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከምሳ በኋላ ተመናመንን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ አሠልጣኙ በጀት እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዱ፣ ቆጠርኩ፦ አሥራ ሦስት ሰው። በሦስተኛው ቀን አበል ሊፈረም ነው ሲባል ግን አርባው ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተሰለፈ።

ከአርባው ውስጥ አንድም የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ተማሪ አልነበረም። የመጡት ኃላፊዎች፣ ዲኖችና አስተባባሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ፕሮፖዛል በእጃቸው ከጻፉ ዓመታት አልፈዋል። የጥሪ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጓዝ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቃል፦ "የሚመለከተው ባለሙያ ይላክልን" ይላል፤ ኃላፊው ዘንድ ይደርሳል፤ የሚመለከተው ባለሙያም ኃላፊው ራሱ ሆኖ ይገኛል። ተማሪው ሥልጠና እንደነበረ የሚሰማው ካለቀ በኋላ፣ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውን የቡድን ፎቶ ሲያይ ነው። ላለው ይጨመርለታል የሚለው ቃል እኛ ዘንድ በባጅ ይፈጸማል።

"ለወጣት ተመራማሪ ዕድል የለም" ማለት ልማድ ሆኗል። እኔ አልስማማም። ዕድሉ አለ፤ ግን የሚሄደው ወደ ደረሱት ነው፣ ቅርጹም ለዚህ ሙያ አይሆንም። ምርምር እንደ ሽመና ነው፤ ከሸማኔ ጎን ተቀምጦ፣ ክር እየበጠሱና እየቀጠሉ የሚለመድ እንጂ በሦስት ቀን ስላይድ የሚያዝ አይደለም።

ይህን የምለው ሳይነግሩኝ የቀሩትን ነገር በገንዘቤ ስለተማርኩት ነው። ማስተርሴን በጨረስኩ ሰሞን "የተከበሩ ፕሮፌሰር" የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ፕሮፌሰር! ገና የመመረቂያ ጋውኔን ላከራየኝ ሰው ያልመለስኩ ልጅ። ጽሑፌን በሁለት ሳምንት ሊያሳትሙልኝ ዝግጁ መሆናቸውን ይገልጻል። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ 250 ዶላር ከፈለልኝ። በዘጠነኛው ቀን ታተመ፤ አንድ ቃል ሳይታረም፣ የገዛ የፊደል ስህተቴ እንኳ ሳይነካ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ከዓመት በኋላ ለሥራ ስወዳደር ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ አንድ አንጋፋ መምህር፣ የመጽሔቱን ስም አዩና ወረቀቱን ቀስ ብለው ገልብጠው አስቀመጡት። አልገሠጹኝም፣ አልሳቁብኝም። ያ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ክፍያ ከጠየቀና በቀናት ውስጥ "ተቀብለናል" ካለ መጽሔት ራቅ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ሰው ብሰማ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር።

ያኔ የማላውቀው ሌላም ነገር አለ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር የሚያንቀሳቅሱት መርሐ ግብር አለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ለድሃ አገሮች ተቋማት ይከፍታል። ኢትዮጵያ ያለችው በነፃ ከሚያገኙት ቡድን ውስጥ ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፦ ብዙዎቹ ታዋቂ አሳታሚዎች ከእነዚህ አገሮች የሚጽፍን ሰው የማሳተሚያ ክፍያ ይምሩታል። ግን መጠየቅ ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ሲገባ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። የአጎቴን ልጅ ያስቸገርኩት በነፃ የሚገኘውን ትቼ፣ ውሸቱን በዶላር ለመግዛት ነበር ማለት ነው። ዛሬም ይህን የማያውቅ የፒኤችዲ ተማሪ በየወሩ አገኛለሁ። ባለ 16 አኃዙን የተመራማሪ መለያ ቁጥር፣ ኦርኪድን፣ ያላወጣም ሞልቷል፤ በነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ አልፈዋለሁ።

ከውጭ ዕድሎች መካከል አንዱን ግን ላልፈው አልችልም፤ ታሪኩ የኛን ስለሚመስል። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም ከእንግሊዝ ትምህርቱን ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ1951 አገሩ ገባ። ላሆር ውስጥ የሚያወያየው የሙያ ጓደኛ፣ ጊዜውን የጠበቀ መጽሔት አልነበረውም። ከሙያው ወይም ከአገሩ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበትና ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሄደ። ከእሱ በኋላ የሚመጡት ይህ ምርጫ እንዳይገጥማቸው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ላይ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ ከታዳጊ አገር የመጣን ተመራማሪ ጠቅልሎ አያስቀረውም፤ በአሶሺዬትነት ይዞ በተለያየ ጊዜ እየጋበዘ፣ ወደ አገሩ እየመለሰ ያሠራዋል። እዚያው ትሪየስቴ ለታዳጊ አገሮች ሳይንቲስቶች የቆመው አካዳሚ አለ፤ ለሴት ተመራማሪዎች የተመሠረተው ድርጅትም እዚያው ነው። የኋለኛው ለፒኤችዲ በሚሰጠው ድጋፍ ተማሪዋ አገሯ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግባ ቆይታ የምርምሯን ከፊል በሌላ ታዳጊ አገር እንድትሠራ የሚፈቅድ መንገድ አለ። ልጅ ያላት፣ ቤቷን ዘግታ ለአራት ዓመት መሄድ የማትችል ሴት ይህን ስትሰማ ፊቷ ሲበራ አይቻለሁ። ግን ማን ነገራት?

ማን ነገራት የሚለው ጥያቄ ወደ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይወስደኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት እኚህ የማሽላ ሳይንቲስት፣ በዓለማያ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ መምህራቸው ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ከሆኑት ጆን አክስቴል ጋር አገናኟቸው። አክስቴል በኢትዮጵያ የማሽላ ዝርያ ለማሰባሰብ ወጣቱ እንዲያግዟቸው ጋበዙ። አብረው ዞሩ። በሥራቸው የተደነቁት አክስቴልም ፐርዱ ወስደው የገዛ ተማሪያቸው አደረጓቸው። ድርቅንም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረምም የሚቋቋመው ማሽላ የመጣው በዚያ መንገድ ከሄደ ሰው ነው። አንድ መምህር "ይሄ ልጅ ይጠቅምሃል" አለ፣ ቀጥሎ ማሳ ለማሳ ተዞረ። ባጅ የለ፣ ባነር የለ።

እንግዲህ አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር፦ ኤችዲፒ ልክ ነበረ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማርን ዘዴ እንዲማሩ የተዘረጋውን ይህን የአንድ ዓመት ፕሮግራም ያላማ መምህር የለም። እኔም ስገባ አጉረምርሜያለሁ፤ ፖርትፎሊዮ፣ ሪፍሌክሽን፣ አሁንም ሪፍሌክሽን። ቅርጹን ግን እዩት። በየሳምንቱ፣ ከአንድ ቡድን ጋር፣ ዓመቱን ሙሉ፣ የገዛ ክፍልህን ችግር ይዘህ ትሠራለህ። ዛሬ የተማርከውን ነገ ክፍል ውስጥ ትሞክረዋለህ፤ በሳምንቱ "አልሆነልኝም" ብለህ ትመለሳለህ። ለማስተማር ይህን ያህል ጊዜ ሰጥተናል። ለምርምር ለምን ሦስት ቀን ብቻ? በ1976 እ.ኤ.አ. በግብርና ኮሌጅ የተጀመረው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በአገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ነው። ስሙ ተሰጥቷል፤ ለተመራቂ ተማሪ የሚሆነው ሳምንታዊ ልምምድ ግን በየትኛውም ዩኒቨርሲቲያችን በመመሪያ ሳይሆን በመምህሩ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አድቫይዘሮች ጊዜ የላቸውም ይባላል። እውነት ነው። አንድ መምህር ኮርሱን፣ የኮሚቴ ሥራውንና የቤት ኪራዩን የሚሸፍንበትን ትርፍ ሰዓት ተሸክሞ የስምንት ተማሪ ቲሲስ ሲደራረብበት ባያነብ አልፈርድበትም። ግን አንድ ድራፍት በስምንት ተማሪ ፊት ቢነበብ ስምንቱም ከአንዱ ስህተት ይማራሉ፤ መምህሩም ያንኑ አስተያየት ስምንት ጊዜ አይጽፍም። ገንዘብ የለም የሚለው ደግሞ ከእንግዲህ ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ባይሆን ለማሰብ መነሻ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ፣ በሰኔ መጨረሻም ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሲዘጋ፣ ከዚያ ገንዘብ የሚቀዱ ብዙ ሥልጠናዎች አብረው ቆመዋል። የሆቴል አበል የሚጠብቅ ሥልጠና ከአበሉ ጋር ይሞታል።

ሁሉም መምህር አይሆንም የሚለውም መነሳት አለበት። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስመርቁትን ሁሉ መልሰው ሊቀጥሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ፋብሪካም የመማሪያ ቦታ መሆን አለበት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበትና ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ የተሠራ ማጣሪያ ነበረው። ሐይቃችን በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይከማቻል፤ ስለዚህ ያ ማጣሪያ ለከተማው ጌጥ አይደለም። የኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለኢንተርንሺፕ ፋብሪካ ይወጣል። የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ግን ውኃ መመርመር ተምሮ፣ አንድ የሚሠራ ማጣሪያ ሳያይ ይመረቃል። ሁለት ወር እዚያ ቢቆም የሚያገኘውን የትኛውም ሰርተፍኬት አይሰጠውም።

ከፍ ብዬ ያነሳኋት፣ ሦስት ወር የጠበቀችው ተማሪ የምታጠናው ቆሮሶ የተባለውን የሐይቁን ዓሣ ነው። አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አብሬያት ሄድኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ልጆች ዓሣ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተኮፍሰው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። እሷ የመለኪያ ጣውላዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ከራስ እስከ ጅራት ትለካለች፤ የማስታወሻ ደብተሯ ጠርዝ በውኃ ረጥቦ ተቆልምሟል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቆመው ካዩዋት በኋላ፣

"ልጄ፣ በየሳምንቱ ትለኪዋለሽ። ምን ሊሆንሽ ነው?" አሏት።

"የሌንግዝ ዌይት ሪሌሽንሺፑን..." ብላ ጀመረችና ቆመች። ፊቷ ቀላ። "አባባ፣ ዓሣው እንቁላል ሳይጥል በልጅነቱ እየተያዘ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።"

"እሱንማ ዓሣውን ከምትለኪ መረቡን ብትለኪ አይሻልሽም? ቀዳዳው እኮ ጠብቧል።"

መረብ መለካት በፕሮፖዛሏ ውስጥ አልነበረም። ያን ቀን ሦስት መረብ ለካች።

ሐሙስ ሐሙስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አንዲት ክፍል ውስጥ የምንሰበሰብ ሰባት ስምንት ሰዎች አለን። አበል የለም፣ ሻይ የለም፤ አንዳንዴ አንዱ ቆሎ ይዞ ይመጣል። ደንቡ አንድ ነው፦ የአንድ ሰው ሁለት ገጽ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ያልገባው እጁን ያወጣል። ባለፈው ሳምንት የእሷ ተራ ነበር። ለአንድ አነስተኛ የምርምር ድጋፍ የምታስገባው ማመልከቻ ነው፤ መጀመሪያ ያመጣችው መግቢያ "ዓሣ በዓለም ላይ ጠቃሚ የፕሮቲን ምንጭ ነው" የሚል ነበር። አንድ የሒሳብ ተማሪ፣ ዓሣ የማይወድ፣ "ይሄንን እኔም አውቃለሁ" አላት። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም፤ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችው። ሦስት ጊዜ ጻፈች፣ ሦስት ጊዜ ሰረዘች። አሁን የሚለው፦ "የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች የመረባቸው ቀዳዳ እንደጠበበ ይናገራሉ፤ ይህ ጥናት በእነዚያ መረቦች የሚያዘው ቆሮሶ እንቁላል ለመጣል ደርሶ እንደሆነ ይለካል።" ማመልከቻው የሚዘጋው ሰኞ ነው፤ በጀቱን ገና አልጨረሰችም።