ከጆሮ ጀርባ ጨረቃ ቤት ለሠሩት ለክቡር የውሻ ፀጉር ቋጠሮ

ጉዳዩ፦ ይዞታዎን እንዲለቁ ስለማሳሰብ

ክቡር ሆይ፣

ማልቲዝና ፑድል በሚባሉት ፀጉራም ውሾች ጆሮ ጀርባ፣ በፊት እግሮች ብብት፣ በአንገት ማሰሪያው ሥር ያለ ካርታና ያለ ፈቃድ ጎጆ መቀለስዎን ደርሰንበታል። የቦታ ምርጫዎን ግን ሳናደንቅ አናልፍም፤ ፀጉር ከፀጉር የሚፋተግበትን ስርቻ ሁሉ ለቅመው ያውቁታል። የረገፈው ፀጉር መሬት ሳይወድቅ በቆመው መሀል ይቀራል፣ ውሻው በተራመደና ባከከ ቁጥር ይጠቀለላል፣ እርስዎም ይወለዳሉ።

ያሳደገዎት ግን ባለቤቱ ነው። እሑድ ጠዋት ውሻውን ሳያበጥር ሣፋ ውስጥ ያቆመዋል። ሻምፖውን ክብ ክብ እያዞረ ያሽልዎታል። ትናንት በጣት የሚፈታው ነገር ሲደርቅ ጠብቆ ባና ሆኖ ያድራል። ከውስጥዎ ያልተለቀለቀው ሳሙና ቆዳውን ያሳክከዋል፤ ውሻው ባከከ ቁጥር እርስዎ አንድ ክፍል ይጨምራሉ። ከሥርዎ እርጥበት ታምቆ መሽተት ሲጀምር ባለቤቱ «ትናንት አይደል እንዴ ያጠብኩት?» ይላል። እርስዎ ዝም።

ብሩሽ የለውም እንዳይባል፣ አለው። ከላይ ከላይ ይዳብስበታል። ጀርባው እንደ ጥጥ ይነፋል፣ እርስዎ ከታች ለጥ ብለው ተኝተዋል። እኛ ፀጉሩን በግራ እጅ ወደ ላይ ገልጠን፣ ቆዳው ነጭ መስመር ሆኖ እስኪታይ ድረስ፣ ከታች ጀምረን ረድፍ በረድፍ እናበጥራለን። የብረት ማበጠሪያ ከቆዳ እስከ ጫፍ ሳይያዝ ካላለፈ ውኃ አይከፈትም።

ገና ጨቅላ ከሆኑ በሰላም እንለያያለን። ኮርን ስታርች ነስንሰን በጣት እንከፋፍልዎታለን፤ ቆዳው እንዳይጎተት ሥርዎን ቆንጥጠን ይዘን፣ ከጫፍ ጀምረን ወደ ሥር በጥቂት በጥቂቱ እንፈታዎታለን። ቆዳው ላይ ከተለጠፉ ግን ድርድር የለም። ከፀጉሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚያስቀረው የቶንዶሱ ቁጥር 10 ምላጭ በእርስዎና በቆዳው መሀል በጠፍጣፋው ይገባል። ምላጩ ስለሚግል በየጥቂት ደቂቃው ክንዳችን ላይ እየለካነው ነው የምንሠራው፤ ቃጠሎውንም በእኛ እንዲያላክኩ አንፈልግም።

ባለቤቱ የወጥ ቤት መቀስ ያነሣ ዕለት ለእርስዎ ሠርግና ምላሽ ነው። ቆዳውን ወደ ሆድዎ ስበው እንደ ድንኳን ያቆሙታል፤ ቋጠሮ ቆረጥኩ ሲል የጆሮ ቆዳ ይቆርጣል። ስፌቱ ለእንስሳት ሐኪም፣ ሐሜቱ ለውሻው፦ «ቁም ስለው ተወራጭቶ እኮ ነው!» የሚያናድደን ይሄ ተንኮልዎ ነው።

ከተነሡም በኋላ አርፈው አይሄዱም። ጆሮ ላይ ከርመው ሲላጩ ታፍኖ የቆየው ደም መመላለስ ይጀምራል፣ ውሻውም ራሱን ያራግፋል፤ ሲበዛ የጆሮው ቅጠል ውስጥ ደም ቋጥሮ እንደ ትራስ ይነፋል። ስለዚህ የተላጨ ጆሮ በለስላሳ የራስ መሸፈኛ ጠቅልለን እናቆየዋለን።

ይዞታዎን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲለቁ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
ውሻ አጣቢዎችና ፀጉር አስተካካዮች

ግልባጭ፦
ለአንገት ማሰሪያው (በተለይ ማታ ማታ እንዲወልቅ)
ለባለቤቱ (ማበጠሪያው ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ነው)