ሥርዓት አልበኛው ማነው?

ሠልስት ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የማይጫወቱት ጥግ ይዘው ስለ አገር ያወራሉ። አንዱ ጎልማሳ የሆነ መንገድ ተዘጋ ሲባል ሰምቶ፣ «ይኸው ሥርዓት አልበኝነት! ገዢ የሌለው አገር እንዲህ ነው» አለ።

አጠገቡ የተቀመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ቀና አሉ። «ገዢ ከየት መጣ ልጄ? ቃሉ እኮ ገዢ አላለም። ሥርዓት ሠርዐ ከሚለው ግእዝ የወጣ ነው፤ ደነገገ፣ አሰናዳ ማለት ነው። አልቦ ደግሞ የለም። ቤት አልባ፣ ወላጅ አልባ እንደምንለው። የጠፋው ድንጋጌው ነው እንጂ ሹሙ አይደለም።»

«ጋሼ፣ አናርኪ የሚባለውን አይደል እንዴ በዚህ የምንተረጉመው? ግሪኩ አን ሲል የለም፣ አርኮስ ሲል አለቃ ነው። በቃ፣ አለቃ የለሽ!» ያነበበ ሰው ነውና ምሳሌም አላጣም። አቴናውያን ዓመቱን የሚጠሩት በዚያ ዓመት አርኮን፣ ማለትም በከተማቸው ሹም፣ ስም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 ሠላሳው አምባገነኖች ሥልጣን ሲይዙ ግን፣ አቴናውያኑ በእነሱ ጊዜ የተሾመውን አርኮን አንቆጥረውም ብለው ዓመቱን «አናርኪያ» አሉት።

«ጎሽ! እስቲ ንገረኝ፣ ያን ዓመት ገዢ ጠፍቶ ነበር? ሠላሳ ነበሩ እኮ! የእኛንም እይ። ዘመነ መሳፍንት የሚለው ስም የመጣው ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ በእስራኤል ንጉሥ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ያደርግ ነበር ይላል። የእኛው ግን ንጉሥም ነበረው። ከ1761 ጀምሮ ቴዎድሮስ እስኪነግሡ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ራሶቹ ጎንደር ላይ አንዱን ያነግሣሉ፣ ሌላውን ይሽራሉ። ዘውዱ አለ፣ ሥርዓቱ የለም።»

ሰሃን የሚሰበስቡ እናት ቆም ብለው፣ «እድራችንስ? መንግሥት መጥቶ ነው እንዴ የሚተክለው ይሄን ድንኳን?» አሉ። ጎልማሳው ቶሎ ብሎ፣ «እሱም ዳኛ አለው እትዬ» ሲላቸው፣ «አለው። ባለፈው ከቀብር ቀርቶ እንደ ማንኛችንም ተቀጥቷል» ብለውት ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እኔ የምፈርደው ለአስተማሪው ነው። ጎልማሳው ስለ ግሪኩ ቃል ያለው ልክ ነው፤ ያንን በአማርኛው ላይ መጫኑ ግን ልክ አይደለም። ይህ መደባለቅ ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» ይለው ነበር። ድርጅቱ ማዕከላዊ ኮሚቴ ያለው፣ እስከ ታች በሕዋስ የተዋቀረ የማርክሲስት ፓርቲ ነበር። የግሪኩ ትርጉምም ቢሆን አይገጥመውም፤ በከተማ ሰው ይገድል ነበር ብሎ መክሰስ ይቻላል፣ አለቃ አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። ስሙን የለጠፈው መንግሥት ራሱ ወጣቶችን ያለ ፍርድ ገድሎ ሬሳቸውን መንገድ ላይ ይጥል ነበር። ገዢ ነበረ፣ ያውም ክንዱ የበረታ። ሥርዓት አልበኝነት ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ስለዚህ ግሪኩ እንዳለ አናርኪ ይባል፤ ብዙ ሰው ለምዶታል። ሥርዓት አልበኛ የሚለውን ደግሞ ድንጋጌ ለሚያፈርስ ሁሉ እንበለው፤ መንገድ ለሚዘጋውም፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው ለሚያስር ሹምም።